ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺና የነቀዙት ዛጎሎች

ምንባብ

የሚከተለው ምንባብ የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። በምታነቡበት ጊዜ ባለ ታሪኩ በዓይኑ ያየውን ነገር፣ ካየውም ነገር ተነሥቶ የደረሰበትን ፍርድ ለይታችሁ ለመገንዘብ ሞክሩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ሥዕል ይሄዳል። ሞና ሊዛና የመጨረሻው እራት የተባሉት ሥራዎቹ ስሙን በዓለም ዙሪያ አስጠርተውታል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው የተጠበበው በሥዕል ብቻ አልነበረም። የሰውን አካል አሠራር፣ የወፍን አበራረር፣ የወንዝን አወራረድና የድንጋይን አነባበር በየተራ መርምሯል። ከምርምሮቹ ሁሉ ለረዥም ዘመን ተሰውሮ የቆየው በተራራ ላይ ስለሚገኙ የባሕር ዛጎሎች ያደረገው ምርምር ነው።

ሌኦናርዶ ሚያዝያ 15 ቀን 1452 በኢጣልያ አገር፣ በቪንቺ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ሴር ፒዬሮ የውል ጸሐፊ ሲሆን፣ እናቱ ካተሪና ከተራ ቤተ ሰብ የወጣች ሴት ነበረች። ወላጆቹ በሕግ የተጋቡ ስላልነበሩ ልጁ የአባቱን ሙያ የመውረስ መብት አልነበረውም። ያደገውም በአባቱ ወላጆች ቤት፣ በወይንና በወይራ እርሻ መካከል ነው።

በዚያ ዘመን የዕውቀት ቋንቋ ላቲን ነበር። በፍልስፍናም ሆነ በሕክምና ሊቅ ለመባል የሚሻ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ላቲን መማር ነበረበት። ሌኦናርዶ በልጅነቱ የተማረው ግን ንባብ፣ ጽሕፈትና ለነጋዴ የሚያገለግል ሒሳብ ብቻ ነበር። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ላቲንን በራሱ ጥረት ለማጥናት ቢሞክርም፣ ሊቃውንቱ እንዳልተማረ ሰው እንደሚቆጥሩት ያውቅ ነበር። እርሱ በበኩሉ ልምድ የመጻሕፍት ደራስያን ሁሉ መምህር እንደ ሆነችና ከእርሷ በቀጥታ መማርን እንደሚመርጥ በማስታወሻው አስፍሯል። የመጽሐፍ በር ስለ ጠበበበት የተፈጥሮን ገጽ እንደ መጽሐፍ ማንበብ ለመደ።

ሌኦናርዶ በወጣትነቱ ወደ ፊሬንዜ ተወስዶ ቬሮኪዮ ከተባለው ታዋቂ ሠዓሊና ቀራጺ ዘንድ የእጅ ሥራ ይማር ጀመር። በመምህሩ የሥራ ቤት ቀለም መበጥበጥን፣ ሸክላ ማቡካትን፣ ነሐስ ማቅለጥን፣ ከሁሉም በላይ ግን አንድን ነገር እንዳለ አድርጎ ለመሣል አተኩሮ መመልከትን ተማረ። በ1472 በፊሬንዜ የሠዓሊዎች ማኅበር ውስጥ ስሙ ተመዘገበ።

በ1482 ገደማ ሌኦናርዶ ፊሬንዜን ትቶ ወደ ሚላኖ ሄደ። የሚላኖ ገዥ ሉዶቪኮ ስፎርዛም ለአባቱ ለፍራንቼስኮ ስፎርዛ መታሰቢያ የሚሆን ግዙፍ የነሐስ ፈረስ እንዲሠራ አዘዘው። ፈረሱ ከፍታው ከ7 ሜትር የሚበልጥ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ለማቅለጫ የሚያስፈልገው ነሐስ 70 ቶን ያህል ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የሞከረ ሰው አልነበረም። ሌኦናርዶ ለዚህ ሥራ ብዙ ዓመታት ደክሟል። የፈረሶችን አቋም በየጋጣው እየዞረ አጥንቷል፤ ነሐሱ የሚፈስበትን ቅርጽ አሠራር ራሱ ፈልስፏል። በ1493 በፈረሱ ልክ የተሠራው የሸክላ አምሳል ለሕዝብ በታየ ጊዜ የሚላኖ ሰዎች ተደነቁ።

በዚህ የፈረስ ሥራ ጊዜ ነበር ለታሪካችን መነሻ የሆነው ነገር የደረሰው። ከፓርማና ከፒያቼንሳ ተራሮች የመጡ የገጠር ሰዎች አንድ ትልቅ ጆንያ ተሸክመው ወደ ሌኦናርዶ የሥራ ቤት ገቡ። በጆንያው ውስጥ የነበረው እህል አልነበረም፤ ከተራራ የተለቀሙ የባሕር ዛጎሎችና ኮራሎች ነበሩ። ሌኦናርዶ ሁሉንም አገላብጦ ተመለከተ። ከመካከላቸው እንደ አዲስ ሆነው የቆዩ ብዙዎች ነበሩ። ሌሎቹ ግን ትል እንደ በላው እንጨት የነቀዙ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ በጻፈ ጊዜ፣ በእነዚያ ተራሮች ላይ የሚታዩት ዛጎሎችና ኮራሎች የነቀዙና እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከአለት ጋር እንደ ተጣበቁ የነበሩ መሆናቸውን መግለጽ አልረሳም።

ለመሆኑ የባሕር ዛጎል ባሕር ከማይታይበት ተራራ ላይ ምን ያደርጋል? የዘመኑ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጡ ነበር። አንዳንዶቹ ዛጎሎቹን ከባሕር አንሥቶ በተራሮች ላይ የበተናቸው በኖኅ ዘመን የሆነው የጥፋት ውኃ ነው ይሉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ዛጎሎቹ ከቶ ሕይወት ኖሯቸው የማያውቁ፣ በከዋክብት ኀይል በድንጋይ ውስጥ የተፈጠሩ ዛጎል መሰል ነገሮች ናቸው ይሉ ነበር። ሌኦናርዶ ሁለቱንም መልሶች የመዘነው ዛጎሎቹን ራሳቸውን ምስክር አድርጎ በመጥራት ነው።

አስቀድሞ የመጀመሪያውን አሳብ መረመረ። በባሕር ዳር የሚኖር አንድ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል አሸዋውን እየሰነጠቀ ሲሄድ አይቶ ነበርና፣ በቀን የሚጓዘው ከ3 እስከ 4 ክንድ ብቻ መሆኑን አስተዋለ። ከአድርያቲክ ባሕር እስከ ሞንፌራቶ ያለውን ርቀት 250 ማይል አድርጎ ገመተ። የጥፋት ውኃው ዝናም የዘነበው 40 ቀን ነው። በቀን 4 ክንድ የሚጓዝ ፍጥረት በ40 ቀን ውስጥ 160 ክንድ ብቻ ይሄዳል፤ ይህም ከባሕሩ ዳር እምብዛም የሚያርቀው አይደለም። ዛጎሎቹ ሞተው ሳለ ማዕበል ያመጣቸው ቢሆን ኖሮ ደግሞ፣ ክዳኖቻቸው ተለያይተውና ተሰባብረው፣ ዓይነታቸውም ተደባልቆ በተገኘ ነበር። እርሱ ያየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የብዙዎቹ ሁለት ክዳኖች እንደ ተጋጠሙ ናቸው። ኦይስተር የተባሉት ዛጎሎች በሕይወት እንዳሉት ሁሉ ቤተ ሰብ ሆነው በአንድ ስፍራ ተሰብስበዋል፤ ብቸኛ ኑሮ የሚወዱት ደግሞ ለየብቻቸው ይገኛሉ። ከዚህም በላይ ዛጎሎቹ የሚገኙት በአንድ ረድፍ ብቻ ሳይሆን አንዱ ከሌላው በላይ በተነባበሩ ብዙ አለቶች ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የደረሰ ጎርፍ ይህን ሁሉ ንብርብር ሊሠራ አይችልም።

ቀጥሎ ሁለተኛውን አሳብ መረመረ። በዛጎል ላይ ዕድሜውን የሚቈጥሩ መስመሮች አሉ። የበሬንና የበግን ዕድሜ ከቀንዱ ቀለበት፣ የዛፍን ዕድሜ ከቅርንጫፉ ማወቅ እንደሚቻል ሁሉ፣ የዛጎልንም ዕድሜ ከእነዚህ መስመሮች መረዳት እንደሚቻል ሌኦናርዶ አስተዋለ። በተራራው ላይም የልጅና የሽማግሌ ዛጎሎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዛጎል እንዲያድግ መመገብ አለበት፤ እንዲመገብም መንቀሳቀስ አለበት። በደረቅ አለት ውስጥ ታስሮ የሚያድግ ፍጥረት ምግብ ከየት ያገኛል? አካሉስ እየሰፋ ሲሄድ ዙሪያውን የያዘውን ድንጋይ ሳይሰነጥቅ እንዴት ሊያድግ ይችላል? በድንጋዩ ላይ ግን እንዲህ ያለ ስንጥቅ አልታየም። ስለዚህ ዛጎሎቹ ከድንጋዩ አልተፈጠሩም፤ ድንጋዩ ገና ጭቃ ሳለ በውስጡ የተቀበሩ ፍጥረታት ናቸው።

ይህን ፍርድ የሚያጸና ሌላም ምልክት አገኘ። በአለቶቹ ንብርብር መካከል ትሎች የሄዱበት መንገድ ይታያል። ትል በድንጋይ ላይ መንገድ ሊቀድ አይችልም፤ መንገዱ የተቀደደው ደለሉ ሳይደርቅ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ንብርብር በየተራው የባሕር ወለል ነበረ፤ በላዩም ሕያዋን ተመላልሰውበታል ማለት ነው።

የነቀዙት ዛጎሎች የሚሰጡት ምስክርነት ከዚህ ጋር ይስማማል። ነቀዝ እህል ወይም እንጨት በሌለበት እንደማይገኝ ሁሉ፣ ዛጎል የሚበሳ ፍጥረትም ዛጎል በሌለበት አይኖርም። በድንጋይ ውስጥ የተፈጠረ የዛጎል አምሳያ ቢሆን ኖሮ ማን በነደለው ነበር? በላዩስ ላይ ሌላ ፍጥረት ምን ብሎ በተጣበቀ ነበር? ቀዳዳው ዛጎሉ እውነተኛ ዛጎል እንደ ነበረና ከሌሎች ሕያዋን ጋር በአንድ ባሕር ውስጥ እንደ ኖረ ያስረዳል።

በዘመናችን ይህ ዓይነቱ ምልክት ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆኗል። ሳይንቲስቶች በአንድ የዛጎል ቅሪተ አካል ላይ የሚያዩት ቀዳዳ የማን ሥራ እንደ ሆነ ለመለየት ይጥራሉ። ናቲካ የሚባሉት ሥጋ በል የባሕር ቀንድ አውጣዎች እንደ ሞረድ በሻከረ ምላሳቸው እየፋቁ፣ ከአካላቸው በሚያመነጩት አሲድ መሰል ፈሳሽም እያለሰለሱ የሌላውን ዛጎል ይበሳሉ። ቀዳዳቸው ክብ ሲሆን፣ ከውጭ ሰፍቶ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ቀዳዳው እስከ ውስጥ ከዘለቀ ባለ ዛጎሉ ሳይበላ አልቀረም፤ በመካከል ከቆመ ግን አዳኙ ሥራውን ሳይፈጽም ቀርቷል። አንዳንድ የሰፍነግ ዓይነቶች ደግሞ ዛጎል የሚቦረቡሩት ለምግብ ሳይሆን ለመኖሪያ ነው። እነርሱ የገቡበት ዛጎል ከውጭ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይመላል፤ ውስጡም እንደ ነቀዘ እንጨት ይሆናል።

ምልክቶቹ ይህን ብቻ አይናገሩም። በዛጎል ላይ የሸርጣን መቈንጠጫ የሰበረው ስፍራ ተጠግኖ ከታየ፣ ባለ ዛጎሉ ከጥቃቱ ተርፎ ዕድገቱን ቀጥሎ ነበር ማለት ነው። የኖራ ቱቦ የሚሠራ ትል ቤቱን በዛጎሉ ውጫዊ ገጽ ላይ ከሠራ፣ ዛጎሉ ያን ጊዜ በሕይወት የነበረ ወይም የሞተ ሊሆን ይችላል። ቱቦው የሚገኘው በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ የታወቀ ነው፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ያ ስፍራ በአካሉ የተሸፈነ ስለ ነበር፣ ትሉ የገባው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ባዶ ቤት ሲያገኝ ነው። ባዶው ዛጎልም ወዲያው ሳይቀበር በባሕር ወለል ላይ ጥቂት ጊዜ ቆይቷል። እንዲህ እያሉ ከአንዲት ቁራጭ ዛጎል የአዳኝንና የታዳኝን፣ የአከራይንና የተከራይን ታሪክ ማንበብ ይቻላል።

ሌኦናርዶ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት አይደለም። የዛጎሎቹን ዘመን በቍጥር ሊናገር የሚያስችል ዘዴ በጊዜው አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የመጡ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን በፒያቼንሳ አካባቢ ያለው ንብርብር እጅግ ጉልህ ሆኖ ስላገኙት ከምድር ታሪክ አንዱን ዘመን በዚያች ከተማ ስም ፒያሴንዚያን ብለው ሰይመውታል። ይህም ዘመን ከ3.6 ሚሊዮን እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ነው። በሌላ በኩል ሌኦናርዶ በምድር ውስጥ እንደ ደም ሥር ያሉ የውኃ መስመሮች አሉ የሚለውን የቀድሞ አሳብ ለብዙ ጊዜ ይዞ ነበር። ዛጎሎቹን በተመለከተ ግን ፍርዱ የቆመው በዓይን በታየ ማስረጃ ላይ ስለ ሆነ ዘመን አልሻረውም።

የፈረሱ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። በ1494 ጦርነት በመድረሱ ለፈረሱ የተከማቸው ነሐስ ለመድፍ መሥሪያ ተላከ። በ1499 የፈረንሳይ ሠራዊት ሚላኖን በያዘ ጊዜ ቀስተኞቹ የሸክላውን አምሳል የዒላማ መለማመጃ አደረጉት። ሌኦናርዶ የብዙ ዓመት ድካሙ በከንቱ ቀርቶ ከተማይቱን ለቅቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ በፊሬንዜ፣ እንደ ገና በሚላኖ፣ ቀጥሎም በሮማ እየተዘዋወረ ሠራ።

በ1506 እና በ1510 መካከል ሌኦናርዶ ስለ ውኃ፣ ስለ ምድርና ስለ ጨረቃ ብርሃን የደረሰበትን አሳብ በ18 ታላላቅ ወረቀቶች ላይ ጻፈ። ወረቀቶቹ በየሁለት ታጥፈው ከፊትና ከኋላ ስለ ተጻፉ 72 ገጽ ይሆናሉ። ስለ ዛጎሎች የሰጠው ማስረጃና የጆንያው ታሪክ የሚገኙት በእነዚህ ገጾች ውስጥ ነው። ሌኦናርዶ ግራኝ ስለ ነበር ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉንም ገልብጦ ይጽፍ ነበርና ጽሑፉን ያለ መስተዋት ማንበብ ያስቸግራል። ማስታወሻዎቹን በመልክ በመልካቸው ለይቶ በመጽሐፍ ለማሳተም ያስብ ነበር፤ ነገር ግን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር ሳይፈጽመው ቀረ።

በመጨረሻው የሕይወቱ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ስለ ጋበዘው ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በአምቧዝ ከተማ ተቀመጠ። በዚያም በ67 ዓመቱ፣ ግንቦት 2 ቀን 1519 ዐረፈ። ወረቀቶቹን ለታማኝ ደቀ መዝሙሩ ለፍራንቼስኮ ሜልሲ አወረሰው። ሜልሲ በሕይወት እስካለ ድረስ በጥንቃቄ ጠብቋቸው ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ግን ወራሾቹ ዋጋቸውን ስላላወቁ በየአቅጣጫው ተበታተኑ።

ሌኦናርዶ ከሞተ ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ1669፣ በፊሬንዜ የሚኖረው የዴንማርክ ተወላጅ ሐኪም ኒኮላስ ስቴኖ በድንጋይ ውስጥ ስለሚገኙ ዛጎሎችና ስለ ድንጋይ ንብርብር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የሌኦናርዶ ጽሑፍ በዚያን ጊዜ ገና አልታተመምና፣ የሥነ ምድር መሠረት ጣይ የመባልን ክብር ያገኘው ስቴኖ ሆነ። ባለ 72 ገጹ ጽሑፍ በ1717 የእንግሊዝ አገር ባለጠጋ በሆነው በቶማስ ኮክ ተገዛ። ይህ ሰው በኋላ የሌስተር መስፍን ስለ ተባለ ጽሑፉም ኮዴክስ ሌስተር ተብሎ ተሰየመ። ከዚያ በኋላ በ1980 እና በ1994 በጨረታ ተሸጧል። በሁለተኛው ጊዜ የተከፈለው ዋጋ 30.8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ሌኦናርዶን በድንጋይና በዛጎል ላይ የተቀረጹ የሕያዋንን አሻራዎች የሚመረምረው ሳይንስ አባት ብሎታል።

ሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘዘው ግዙፍ ፈረስ ፈርሷል። የገጠር ሰዎቹ ያመጡት ጆንያም የት እንደ ወደቀ የሚነግረን የለም። ስለ ጆንያው የተጻፉት ጥቂት መስመሮች ግን ከ500 ዓመት በኋላም ይነበባሉ። የሌኦናርዶ ሕይወት ለተማሪ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ሌላው ሰው ንቆ የሚያልፈውን ትንሽ ቀዳዳ አተኩሮ መመልከት ወደ ታላቅ እውነት ሊያደርስ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ የተገኘ ዕውቀት በጊዜው ለሌሎች ካልደረሰ እንደ ተቀበረ ዛጎል ቆፍሮ የሚያወጣውን ሰው ለዘመናት ሊጠብቅ እንደሚችል ነው።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ሌኦናርዶ የአባቱን ሙያ ሊወርስ ያልቻለው ለምንድን ነው?
2. ወደ ሥራ ቤቱ የመጣው ጆንያ ምን ይዞ ነበር? የመጣውስ ከየት ነው?
3. ስለ ተራራ ዛጎሎች በዘመኑ የነበሩት ሁለት አሳቦች ምንና ምን ነበሩ? ሌኦናርዶ እያንዳንዱን ያፈረሰበትን ማስረጃ ዘርዝሩ።
4. በዛጎል ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የትል ቱቦ ቢገኝ ምን እንረዳለን? ለምን?
5. የሥነ ምድር መሠረት ጣይ የመባል ክብር ለሌኦናርዶ ያልተሰጠው በምን ምክንያት ነው? ይህ ፍርድ ትክክል ይመስላችኋልን?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ካላቸው ፍች ጋር በሚስማማ መንገድ በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አግቡ።

ነቀዘ፣ ደለል፣ ንብርብር፣ ክዳን፣ አሻራ፣ ዕጣ

ሐ. በምንባቡ ውስጥ «ቢሆን ኖሮ» በሚል የተገለጹ ዐረፍተ ነገሮችን ፈልጋችሁ ጻፉ። በእያንዳንዱ ውስጥ እንደ ሆነ ተቈጥሮ የቀረበው ነገር በእርግጥ ሆኗል ወይስ አልሆነም? ማሰሪያ አንቀጹስ በምን ቃል ያልቃል? በዚሁ ዓይነት አራት ዐረፍተ ነገሮች ሠርታችሁ አሳዩ።

መ. በላዩ የሌላ ፍጥረት ምልክት የሚታይበትን አንድ ነገር ምረጡ፤ ይኸውም ትል የበላው ቅጠል፣ ወፍ የወጋው ፍሬ ወይም የነቀዘ እንጨት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው አንቀጽ ያያችሁትን ብቻ፣ በሁለተኛው ካያችሁት ተነሥታችሁ የደረሳችሁበትን ፍርድ፣ በሦስተኛው ፍርዳችሁን ሊቃወም የሚችል አሳብና ለእርሱ የምትሰጡትን መልስ ጻፉ።